ያገለገለ የጣሊያን ስፖርት ሞተርሳይክል፦ አመራረጡና አያያዙ

አንድ ሻጭ «ብዙም አልተነዳም፤ ቆሞ ነው የኖረው» ሲል ገዢው ብዙውን ጊዜ ደስ ይለዋል። ዕቃው የጣሊያን ስፖርት ሞተርሳይክል ከሆነ ግን ይህ አነጋገር ገዢውን ሊያስጠረጥረው ይገባል፤ በእነዚህ ሞተርሳይክሎች ላይ ብዙ ወጪ የሚያስከትለው እርጅና ዓመት በመቁጠር የሚመጣው ነውና። የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ቺንጋ ባይዞርም ይደርቃል፤ የፍሬን ዘይት ማንም ባይነካው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በታንከሩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን እየዋለ እያደረ ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ ዘይት የሚያግዱት ጎማዎችም ይጠነክራሉ። 8,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ተነድቶ ስድስት ዓመት የቆመና 40,000 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ሰርቪሱ በየጊዜው የተደረገለት ጎን ለጎን ቢቀርቡልኝ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እወስዳለሁ።

ከዚህ በታች ያለው ምክር በአብዛኛው ስለ ዱካቲ ነው፤ በሁለተኛ እጅ ገበያ ከጣሊያኖቹ ሁሉ በብዛት የሚገኘው፣ ገዢን ብዙ የሚያስጠይቀውም እሱ ነው። በ1926 በቦሎኛ ከተማ የሬዲዮ ዕቃ ለመሥራት የተቋቋመው ይህ ፋብሪካ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዛሬውን የስፖርት ዘር የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ በወጣው 851 ነው፤ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ በአንድ ሲሊንደር አራት ቫልቭ ያለው፣ ነዳጁም በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ሞተር ይዞ መጣ። በ1994 ማሲሞ ታምቡሪኒ የነደፈው 916 ተከተለ፤ 748፣ 996 እና 998 የዚያው ቤተሰብ ናቸው። በ2003 የ999፣ በ2007 የ1098፣ በ2008 የ848፣ በ2012 የ1199 ፓኒጋሌ፣ በ2018 ደግሞ ባለ አራት ሲሊንደሩ ፓኒጋሌ ቪ4 ዘመን ሆነ። ቁጥሮቹን መለየት ለገዢ ይጠቅማል፤ ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር የሚበላሸውም ነገር ይለወጣልና። እስከ 1198 ድረስ ካሞቹን የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ ሲሆን ከ1199 ጀምሮ ሰንሰለት ነው። ከ916 እስከ 1198 ያሉት ደረቅ ፍሪሲዮን ሲኖራቸው 848 ግን በዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን ይዞ ወጥቷል።

ስለ ዱካቲ ሲነገር «ሰርቪሱ ውድ ነው» የሚባልበትን ምክንያት አንድ ጊዜ በደንብ መረዳት ከብዙ ጸጸት ያድናል። በተራ ሞተር ውስጥ ካሙ ገፍቶ ቫልቩን ይከፍተዋል፣ ሞላ ደግሞ መልሶ ይዘጋዋል። በእነዚህ ዱካቲዎች ግን መክፈቱም መዝጋቱም የካሙ ሥራ ነው፤ አንደኛው ሮከር (በካሙ የሚገፋ ትንሽ ክንድ) ቫልቩን ወደ ታች ሲገፋው ሁለተኛው ሮከር ከሥር ይዞ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ዴስሞድሮሚክ የሚባለውን ይህን አሠራር ኢንጂነር ፋቢዮ ታሊዮኒ በ1956 ለውድድር በተሠራ 125 ሲሲ ሞተር ላይ ያዋለው የዚያ ዘመን ሞላዎች ሞተሩ በጣም ሲፈጥን ቫልቩን በጊዜው መመለስ ስላቃታቸው ነበር፤ በ1968 ደግሞ ለሕዝብ በሚሸጡ ሞተርሳይክሎች ላይ ገባ። ለባለቤቱ የሚተርፈው ሒሳብ ታዲያ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ቫልቭ ሁለት ክፍተት አለው፤ ባለ ሁለት ሲሊንደርና ባለ ስምንት ቫልቭ በሆነው ሞተር ላይ መለካት ያለባቸው ክፍተቶች 16 ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሚስተካከሉት ውፍረታቸው ከሚሊሜትር መቶኛ በሚለያይ፣ ሺም በሚባሉ ትንንሽ ብረቶች ነው። ልኬቱ ራሱ ረቂቅ ጥበብ አይደለም። ጊዜ የሚበላው እዚያ እስኪደረስ ያለው መንገድ ነው፤ የፕላስቲክ ልባሱ ይወልቃል፣ ታንከሩ ይነሣል፣ ባትሪውና የአየር ማጣሪያው ሳጥን ይወጣል፣ ራዲያተሩ ወደ ፊት ይገፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የቫልቩ ክዳን የሚታየው።

ስለዚህ ብዙ ሻጮች ሞተርሳይክላቸውን የሚያወጡት ትልቁ ሰርቪስ ሲቃረብ መሆኑ አያስደንቅም። መቁጠሪያው 19,000 ወይም 23,000 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ ከተመለከቱ የሚቀጥለውን ሰርቪስ የሚከፍሉት እርስዎ መሆንዎን አስበው ዋጋውን ይደራደሩ።

የቺንጋው ነገር ከቫልቩ ይልቅ አስቸኳይ ነው። ሁለት ቺንጋዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። አንዱ ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ፣ ቫልቮቹ ይጣመማሉ፣ ጉዳዩም ከሰርቪስነት ወጥቶ ሞተር እስከ መክፈት ይደርሳል። በቀደሙት ሞዴሎች ላይ ፋብሪካው ያዘዘው በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየሁለት ዓመቱ፣ ቀድሞ በደረሰው እንዲለወጥ ነው፤ በኋለኞቹ ላይ ጊዜው ስለረዘመ የራስዎን ሞዴል መመሪያ ማየት ያስፈልጋል። ሻጩ ቺንጋው የተለወጠበትን ቀን በወረቀት ማሳየት ካልቻለ አልተለወጠም ብለው ይቁጠሩት። መጥበቁም እንደ መለወጡ ሁሉ ያሳስባል፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ ቺንጋ የሚያዞረውን ኩሺኔታ ይበላል፣ የላላ ደግሞ ይዘላል። ዛሬ ብዙ መካኒኮች ቺንጋውን እንደ ክራር ጅማት በጣት ነቅነቅ አድርገው ድምፁን በስልክ በሚሠራ የድግግሞሽ መለኪያ ያነቡታል፤ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሞተሩን የሚቃኙ ይመስለዋል።

ወደ ሻጩ ሲሄዱ ከሞተርሳይክሉ በፊት ወረቀቱን ይጠይቁ። ማኅተም ብቻ ያለበት የሰርቪስ ደብተር ጥሩ ነው፤ ምን እንደተለወጠና በስንት ኪሎ ሜትር እንደተለወጠ የሚዘረዝር ደረሰኝ ግን ከእሱ ይበልጣል። በመሪው አንገት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከሰነዱ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ የዱካቲ ቁጥር በዜድ፣ ዲ እና ኤም ፊደላት ይጀምራል። ይኸው ቁጥር ሞዴሉ ለጥገና ተጠርቶ ከነበረና ጥገናው ከተደረገለት በወኪሉ ዘንድ ለማጣራት ያገለግላል። ከቁልፎቹ ዘንድ ደግሞ ብዙ ገዢ የማያውቀው ጉዳይ አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጡ በርካታ ዱካቲዎች ከሌባ መከላከያ ጋር ሲሸጡ ሁለት ጥቁር ቁልፍና አንድ ቀይ ቁልፍ፣ እንዲሁም ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ተሰጥቷቸዋል። ቀዩ ቁልፍ ለመንዳት የሚውል አይደለም፤ ጥቁሮቹ ሲጠፉ ወይም ሲሰበሩ አዲስ ቁልፍ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚያስተዋውቀው እሱ ነው። እሱ ከሌለ አንድ ጥቁር ቁልፍ መጥፋቱ ውድ ዕቃ እስከ መለወጥ ሊያደርስ ስለሚችል፣ ቀዩ ቁልፍ የጎደለበትን ሞተርሳይክል ስገመግም ዋጋውን ሳልቀንስ አልቀርም።

ለሻጩ አስቀድመው ደውለው ሞተሩን እንዳያሞቀው ይጠይቁት፤ ሲደርሱም ማርሚታውን በእጅዎ መዳፍ ዳሰስ ያድርጉ። ሞቆ ከጠበቀዎት በቅዝቃዜ ጊዜ የሚያስቸግር ነገር ሊኖር ይችላል። ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሣ ባትሪው ደክሞ እያቃሰተ ከሆነ የቮልት መለኪያ ያገናኙ፦ ቆሞ ሳለ 12.6 አካባቢ፣ ሞተሩ ወደ 3,000 ዙር ከፍ ሲል ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ሊያሳይ ይገባል። ከዚህ በታች ከወረደ ወይም ከ15 ካለፈ ጥርጣሬው ቮልቱን በሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ላይ ነው፤ በእነዚህ ሞተርሳይክሎች ላይ ቶሎ ከሚሞቱት ክፍሎች አንዱ እሱ ነው። ከዲናሞው የሚመጡትን ቢጫ ሽቦዎች ተከትለው ማገናኛቸውን ይመልከቱ፤ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ ችግሩ የቆየ ነው።

ደረቅ ፍሪሲዮን ያለውን ሞተርሳይክል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ሞተሩ ሊፈርስ መስሎት ይደነግጣል። የፍሪሲዮኑ እጀታ ሲጨበጥ የሚንኳኳው በባልዲ ውስጥ እንደሚናወጥ የብረት ቁርጥራጭ ያለ ድምፅ የተለመደ ነው፤ እጀታው ሲለቀቅ ጸጥ ይላል። እጀታው ተለቅቆም የሚቀጥል ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነውና መመርመር አለበት። በፍሪሲዮኑ በኩል በእውነት የሚያስቸግረው በግራ በኩል፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት የፊት ጥርስ አጠገብ ያለው ትንሽ የዘይት ሲሊንደር ነው። በውስጡ ያለው ዘይት ማገጃ ጎማ ሲያረጅ ያንጠባጥባል፣ እጀታው ይላላል፣ ፎሌ ማግኘትም ያስቸግራል። በመሪው ላይ ያለው የፍሪሲዮን ዘይት ማጠራቀሚያ እንደ ቡና ከጠቆረ ያ ሲሊንደር ረጅም ጊዜ ሳይጎበኝ ቆይቷል ማለት ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩት 748፣ 916 እና 996 ሞተሮች ላይ ሮከሮቹ የተለበጡበት ክሮም የመላጥ ጠባይ አለው። ክሮሙ ሲላጥ ሮከሩ ካሙን ይፍቃል፣ ቅንጣቱም በዘይቱ ይዞራል። ይህን ከውጭ ማየት ስለማይቻል የቫልቭ ክዳን የተከፈተበትንና ሮከሮቹ የታዩበትን ደረሰኝ መጠየቅ፣ ካልሆነም ለመግዛት ከመስማማት በፊት መካኒክ ከፍቶ እንዲያየው ማድረግ ይሻላል። ያልተላጡ ወይም በተሻለ ልባጥ ተተክተው የተገኙ ከሆኑ ያ ሞተርሳይክል ተጨማሪ ገንዘብ ይገባዋል።

አሁን የራሴን ስሕተት ልናገር። የገዛሁት 748 ኪሎ ሜትሩ አነስተኛ፣ ቀለሙም ያልተነካ ነበር፤ የሻጩንም ቅንነት አላማም፣ እሱም ከሥር ያለውን አያውቅም ነበርና። ባትሪውን ለመድረስ ታንከሩን ከፍ አድርጌ የነዳጁን ቱቦ ማገናኛ ጫን እንዳልኩት ነጩ ፕላስቲክ እንደ ደረቅ ብስኩት በእጄ ላይ ተሰበረ፤ ከተሰበረው አፍም ቤንዚን በጓንቴ ላይ መፍሰስ ጀመረ። በአጠገቤ የሚሰካ ነገር ስላልነበረ ቱቦውን በአውራ ጣቴ አፍኜ፣ በሌላው እጄ ደግሞ ባዶ ጣሳ ለመፈለግ ስዳብስ ቆየሁ። ሞተሩ ሞቆ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ከዚያ የከፋ በሆነ ነበር። የዚያ ዘመን የፕላስቲክ ማገናኛዎች ከዕድሜ የተነሣ እንደሚሰባበሩ ያወቅሁት ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ከገዙ በኋላ ታንከሩን ከማንሣትዎ በፊት የብረት ማገናኛ ገዝተው ይዘጋጁ፤ በዚያው አጋጣሚ በታንከሩ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ማጣሪያና የሚሰነጠቁትን አጫጭር ቱቦዎች ይለውጡ። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ነዳጅ እንደቸገረው ሲንተባተብ ሰዎች ካንዴላና ኮምፒውተር ይለውጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ታንከሩ ውስጥ የተሰነጠቀ የጣት ርዝመት ያለው ቱቦ ነው።

ዱካቲ ያልሆኑትን ባጭሩ ልጥቀስ። አፕሪልያ በ1998 ያወጣው አርኤስቪ ሚሌ የኦስትሪያው ሞተር ሠሪ ሮታክስ የሠራውን 60 ዲግሪ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ይዟል፤ ካሞቹ በሰንሰለት ስለሚዞሩና ቫልቮቹም በሞላ ስለሚዘጉ አያያዙ ከዱካቲ ይቀላል፤ የመጀመሪያ የጣሊያን ሞተርሳይክሉን ለሚገዛ ሰው የምመርጥለትም እሱን ነው። ጥንቃቄው ሁለት ነው፦ ዘይቱ በተለየ ጋን ውስጥ ስለሚቀመጥ መጠኑ የሚታየው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው፣ በቅዝቃዜ አይቶ የሚጨምር ሰው ያለ ልክ ይሞላዋል፤ በደከመ ባትሪ ደጋግሞ ማስነሣት ደግሞ የማስነሻውን አንድ አቅጣጫ ያዥ ክላች ይበላል። በ2009 የመጣው ባለ አራት ሲሊንደር አርኤስቪ4 ፈጣንና ውስብስብ ነው። ኤምቪ አጉስታ ኤፍ4ም የታምቡሪኒ እጅ ያለበት ነው፤ ውበቱን የሚክድ የለም፣ ነገር ግን መለዋወጫ ለማግኘት ወራት መጠበቅ ሊያጋጥም ስለሚችል ሌላ መጓጓዣ ለሌለው ሰው አልመክረውም። ሞቶ ጉዚ በሌላኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ሲሊንደሮቹ ወደ ጎን ስለወጡ የቫልቩን ክፍተት ማንኛውም ትዕግሥተኛ ሰው በመፍቻና በካቻቪቴ ያስተካክለዋል።

የሙከራ ጉዞው አጭር ቢሆንም መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው ያዙሩ፣ የፊት ፍሬኑን ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቁ፣ ማርሾቹን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ጎማው ላይ የተመታውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ማንበብ አይርሱ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ጥርሱ ያላለቀ ሆኖ ከስድስት ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ለስፖርት ሞተርሳይክል አይሆንም።

ከገዙ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ወር እንደ ሁለተኛ ክፍያ ይቁጠሩት። የሞተር ዘይትና ማጣሪያ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ዘይት፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋና ባትሪ የቀድሞው ባለቤት የነገረዎትን ሳይቀበሉ በአንድ ጊዜ ይለወጡ፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣውን ችግር ከዜሮ ተነሥቶ መከታተል ይቻላል። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ሳይዙ መግዛት ሞተርሳይክሉን ዓመት ሙሉ በሸራ ሥር እንደማስቀመጥ ነው።

በየቀኑ ሲነዱት ጠባዩን ማወቅ ይገባል። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ተረጋግቶ አይሄድም፤ ከ3,000 ዙር በታች በከፍተኛ ማርሽ ቢያስገድዱት ሰንሰለቱን ይነጥቃል፣ ይንቀጠቀጣልም። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ በማርሚታው የተነሣ መቀመጫው ይሞቃል፤ በ916 እና በ1098 ማርሚታው ከመቀመጫው ሥር ነውና። የ916 መሪ ደግሞ ጥቂት ብቻ ስለሚዞር በጠባብ ቦታ ለመመለስ ወርዶ መግፋት የሚሻልበት ጊዜ አለ። የእጅ አንጓ ሕመም የሚቀንሰው ታንከሩን በጉልበት ይዞ ክብደቱን ከእጅ ሲያወርዱ ነው፤ መሪውን ጨብጦ መንጠልጠል ያመጣውን ሕመም ወፍራም ጓንት አያድነውም።

የሰንሰለቱ መወጠሪያ የኋላውን ቸርኬ የሚይዝ አንድ ክንድ ብቻ ባላቸው ሞዴሎች ላይ ከሌሎች ይለያል። የኋላው እምብርት ከመሃሉ ወጣ ያለ ክብ ሆኖ ተሠርቷል፤ ማጥበቂያ ቡሎኖቹን አላልተው እምብርቱን በመንጠቆ መፍቻ ሲያዞሩት ቸርኬው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሄዳል። ቡሎኖቹ መመሪያው ባዘዘው ልክ በመለኪያ መፍቻ ይጥበቁ፤ ቸርኬውን የያዘው ትልቁ ዳዶም የራሱ መቆለፊያ ሽቦ አለውና በቦታው መመለሱን ሳያረጋግጡ አይነሡ። የሰንሰለቱን መላላት በአንድ ቦታ ብቻ መለካት ያሳስታል፤ ሰንሰለት እኩል ስለማያልቅ ቸርኬውን እያዞሩ በጣም የጠበቀበትን ቦታ አግኝተው እዚያው ላይ ይለኩ።

ለወራት ማቆም ግድ ሲሆን ባትሪውን በዝግታ በሚሞላ ቻርጀር ላይ ይተዉት። የብረት ታንከር ከሆነ እንዳይዝግ ሞልቶ፣ የፕላስቲክ ከሆነ ግን ባዶ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል፤ በኢታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን በአንዳንድ የ2000ዎቹ ሞዴሎች ላይ ፕላስቲኩን አሳብጦ ታንከሩ ከቦታው እንዳይገጥም አድርጓልና። የሰርቪሱን ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የተለካውን የእያንዳንዱን ቫልቭ ክፍተት ሳይቀር በአንድ ደብተር ይጻፉ። እንደገና ሲያወጡት ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ፍሬኖቹን ጨብጠው ይሞክሩ፣ የጎማውን ነፋስ ይለኩ፣ ከሥሩም ጎንበስ ብለው የፍሪሲዮኑ ሲሊንደር በወለሉ ላይ ጠብታ ጥሎ እንደሆነ ይመልከቱ።